የዝምታ ዋጋ

አንድ በሬዲዮ ሥራ ላይ ያለ ወጣት ወዳጄ ባለፈው ክረምት ስልክ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ለቃለ መጠይቅ የሚሆን መቅረጸ ድምፅ ልገዛ ነው፤ የትኛውን ይመክሩኛል?» አለኝ። ገንዘቡን ለወራት ሲያጠራቅም ከርሟል። ሊያነጋግራቸው ያሰባቸው ሰው በጠላት ወረራ ዘመን የስምንት ዓመት ልጅ የነበሩ፣ ዛሬ መንዝ ውስጥ ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ጥያቄው የአንድ ዐረፍተ ነገር መልስ የሚበቃው ይመስላል። እኔ ግን የጀመርኩት ከዳግማዊ ምኒልክ ነው። ትዕግሥተኛ ልጅ በመሆኑ አላቋረጠኝም። ያን ዕለት በስልክ የነገርኩትንና ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትዝ ያለኝን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ ጻፍኩት። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን በመጽሐፍ ያለውም ሁሉ አይወረስም። ፊደላችን ሀብታም ቢሆንም አንድ ጉድለት አለበት፤ መላላትንና መጥበቅን አያሳይም። «አለ» ተብሎ የተጻፈውን ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» አንባቢው ከዙሪያው ካልተረዳው በቀር ፊደሉ አይነግረውም። የሚያውቀው የተናጋሪው አንደበት ብቻ ነው። ቅኔውም፣ ቀልዱም፣ አሽሙሩም ብዙ ጊዜ የሚያድረው ፊደል በማይደርስበት በዚህ ቦታ ነው። ከዚህም የባሰ አንድ ነገር አለ፤ እሱም በቃልና በቃል መካከል ያለው ዝምታ ነው። ጽሑፍ ዝምታን በሦስት ነጥብ ወክሎ ያልፈዋል። የሦስት ሴኮንድ ይሁን የሃያ ሴኮንድ፣ የማስታወስ ይሁን የመቃጠል፣ ከነጥቦቹ ማንም አይለየውም። እንግዲህ በእኔ አስተያየት የመቅረጸ ድምፅ ታሪክ ማለት ይህን ዝምታ ለመያዝ የሚከፈለው ዋጋ እንዴት እየረከሰ እንደ መጣ የሚናገር ታሪክ ነው። መሣሪያ ስንመርጥም መመዘኛው ከዚያው ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍን የሠራው በ1877 ነው። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት መልእክት በገዛ ድምፃቸው ቀድተው ላኩ። መልእክቱ የተቀዳው በሰም ሲሊንደር ላይ ነበር። ያመጣውም የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል የነበረው ሃሪንግተን ነው። ከተደመጠ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ነበርና ሲሊንደሩ ተሰበረ። ምኒልክና ጣይቱ በ1899 በዚያው ዓይነት መሣሪያ ቀድተው የላኩት መልስ ግን አልተሰበረም፤ ዛሬም ይሰማል። የላኪዋ መልእክት ጠፍቶ የተቀባዮቹ ድምፅ መቅረቱ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። በወንፊት ላይ ጠጠር ከሚንኮሻኮሽ በሚመስል ጩኸት ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የምኒልክ አንደበት ይወጣል።

በዚያ ድምፅ ውስጥ ፋታ አትፈልጉ። አንድ ሲሊንደር የሚይዘው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ድምፁን የሚይዘውም ኤሌክትሪክ ሳይሆን የተናጋሪው ትንፋሽ የሚያንቀጠቅጠው መርፌ በመሆኑ፣ ንጉሥም ሆነ እረኛ አፉን ወደ ጡሩንባው አስጠግቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ያሰበውን ሳያቋርጥ መጨረስ ነበረበት። ተናጋሪው ለመሣሪያው ይታዘዛል። ዝምታ በዚያ ሰም ላይ የሚባክን ቦታ ነበር፤ ቦታውም ውድ ነው።

ይህ ሁኔታ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ብዙም አልተለወጠም። ሬዲዮ ከመጣ በኋላም ቢሆን ድምፅ የሚቀዳው በአብዛኛው በሸክላ ላይ ነበር፤ ሸክላ መቅረጫውም ከጠረጴዛው ንቅንቅ የማይል ዕቃ ነው። ከስቱዲዮ እንዲወጣ ያስገደደው ጦርነት ነው። በሴፕቴምበር 1943 ዊንፎርድ ቮን ቶማስ የተባለ የቢቢሲ ዘጋቢ፣ ሬጅ ፒድስሊ ከተባለ የድምፅ ባለሙያ ጋር፣ በርሊንን ሊደበድብ በሚሄድ ላንካስተር አውሮፕላን ውስጥ ሸክላ መቅረጫ ይዞ ገባ። አውሮፕላኑ በመድፍ ጭስ መካከል ሲናጥ መርፌው ሸክላውን ይቀርጽ ነበር። በዓመቱ፣ የኖርማንዲው ዘመቻ ሲጀመር፣ ቢቢሲ ለዘጋቢዎቹ አንድ ሰው ሊሸከመው የሚችል መሣሪያ ሠርቶ አደላቸው። «ድንክዬ» ብለው ነበር የሚጠሩት፤ ክብደቱ 18 ኪሎ ያህል ነበር። የአንዱ ሸክላ አንድ ገጽ ከሦስት ደቂቃ አይዘልም። ዘጋቢው በቦይ ውስጥ ተጋድሞ ሰዓቱን እያየ ይናገራል። ወታደሩን ሲጠይቀውም መልሱ እንዲያጥር ይጸልያል። አንድ የደነገጠ ሰው ቃል እስኪያገኝ ድረስ ሊጠብቀው አይችልም፤ ሸክላው ያልቃል።

ነገሩን የገለበጠው ብረት የተቀባ ቀጭን ክር ነው። ጀርመኖች ማግኔቶፎን ያሉትን የቴፕ መሣሪያ በ1935 በበርሊን የሬዲዮ ትርኢት ላይ ለሕዝብ አሳዩ። ከጦርነቱ በኋላ ዕውቀቱ በየአገሩ ተበተነ። በ1951 ስቴፋን ኩደልስኪ የተባለ፣ ዋርሶ ተወልዶ ወደ ስዊዘርላንድ የተሰደደ ወጣት መሐንዲስ፣ እንደ ሰዓት በመጠምዘዣ የሚንቀሳቀስ ተንቀሳቃሽ ቴፕ ሠራና ናግራ ብሎ ሰየመው። ቃሉ በእናቱ ቋንቋ፣ በፖላንድኛ፣ «ይቀዳል» እንደ ማለት ነው። የሬዲዮ ጣቢያዎች ወዲያው ተሻሙበት። በእንግሊዝም ኢ.ኤም.አይ. የተባለው ኩባንያ በዚያው ዘመን ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ቴፕ አወጣ፤ የሬዲዮ ሰዎች ለእርሱም «ድንክዬ» የሚለውን ያንኑ የጦር ሜዳ ስም አወረሱት።

በዚህ ሁለተኛው ድንክዬ የተሠራ አንድ ሥራ አለ፤ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅን ታሪክ ለሁለት የሚከፍለው እሱ ይመስለኛል። በ1957 ጆን አክሰን የተባለ እንግሊዛዊ የባቡር ነጂ፣ የእንፋሎት ቧንቧ ፈንድቶ የባቡሩ ፍሬን ከጥቅም ውጭ ሲሆንበት፣ ዘሎ መውረድ እየቻለ በሚያቃጥለው እንፋሎት ውስጥ ከባቡሩ ጋር ቀረ፤ ቁልቁል ከሚንደረደረው ባቡርም ጋር ሞተ። የቢቢሲው አዘጋጅ ቻርልስ ፓርከርና ዘፋኙ ኢዋን ማኮል ስለዚህ ሰው ዝግጅት ለመሥራት መሣሪያቸውን አንጠልጥለው ወደ አገሩ ሄዱ። የሥራ ባልደረቦቹን፣ ሚስቱን፣ የሚያውቁትን ሁሉ አነጋገሩ። ከ40 ሰዓት በላይ ቀዱ።

የዘመኑ ልማድ እንዲህ ነበር፦ የሠራተኛውን ቃል ትቀዳለህ፣ ወደ ጽሑፍ ትገለብጠዋለህ፣ ከዚያም በቅጡ ማንበብ የሚችል ተዋናይ ስቱዲዮ ገብቶ «ሠራተኛ ሆኖ» ያነበዋል። መቅረጫው ማስታወሻ ደብተር ነበር ማለት ነው። ማኮል ክሮቹን ደጋግሞ ሲያዳምጥ ግን ይህን ማድረግ አቃተው። የባቡር ሠራተኞቹ አነጋገር፣ ቃል የሚመርጡበት ፍጥነት፣ ቆም የሚሉበት ቦታ፣ ማንም ተዋናይ የማይሞላው ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ተዋናዮቹ ቀሩ። የሰዎቹ የገዛ ድምፅ በማኮልና በፔጊ ሲገር ሙዚቃ ታጅቦ በጁላይ 1958 አየር ላይ ዋለ። የአክሰን ሚስት ባሏን ስታስታውስ የተናገረችው ራሷ ናት። ዛሬ ይህ የተለመደ ነገር ስለሆነ ምኑ ያስደንቃል ልትሉ ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ሕዝብ በሬዲዮ የሚሰማው ሕዝብን የሚመስል ድምፅ ነበር። ለውጡ የመጣው በሐሳብ ብቻ አይደለም። 40 ሰዓት በሦስት ደቂቃ ሸክላ ላይ ይቀዳ ቢባል ከ800 የሸክላ ገጽ በላይ ይጠይቃል፤ ያን የሚሸከም ዘጋቢ አልተወለደም።

(ለጨዋታ ያህል፦ ሳሙኤል ቤኬት አንድ አዛውንት የገዛ ራሱን የወጣትነት ድምፅ በቴፕ የሚያዳምጥበትን ተውኔቱን የጻፈውም በዚያው በ1958 ነው። ስለ መሣሪያው ብዙም አያውቅም ነበርና አሠራሩን ከቢቢሲ ወዳጆቹ ጠይቋል። ተውኔቱ የሚያበቃው ሰውየው ፈዝዞ፣ ክሩ ባዶውን እየዞረ ሳለ ነው።)

ይሁን እንጂ ቴፕም ዝምታን በነፃ አልሰጠም። ዘጋቢዎች ትከሻ ላይ የሚያድረው ባለ 13 ሳንቲ ሜትር ጥቅል ክር፣ ለሬዲዮ በሚፈለገው ፍጥነት ሲዞር፣ 16 ደቂቃ ገደማ ያገለግላል። ዝነኛው ናግራ 3 አሥራ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ይበላ ነበር። ጠያቂው አንድ ዓይኑን ተናጋሪው ላይ፣ አንድ ዓይኑን የሚሳሳው ጥቅል ላይ ያደርጋል። ሽማግሌው አሳዛኙ ቦታ ላይ ደርሰው ዝም ሲሉ፣ ያ ክር በባዶው ይዞራል። በስቱዲዮም ምላጭ የያዘው አቀናባሪ ይጠብቃል፤ ክሩን በምላጭ ቆርጦ፣ ፋታውን አውጥቶ፣ በማጣበቂያ መልሶ ይቀጥለዋል። ስንት ሰው ከወለሉ ላይ ዝምታውን ጠርጎ ጥሏል!

በዚህ ዘመን ከነበሩት ሁሉ ልቤ የሚያዘነብለው ወደ ስተድስ ተርክል ነው። በሺካጎ ደብልዩ.ኤፍ.ኤም.ቲ. ጣቢያ ለ45 ዓመት፣ ከ1952 እስከ 1997፣ ሰው ሲያነጋግር ኖረ። ከጀርመን ሠራሽ ኡኸር ቴፑ ጋር ምስኪኑንም ዝነኛውንም ጠይቆ መጻሕፍት አወጣ፤ አንዱ በ1985 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ይህ ሰው ከማሽን ጋር አይስማማም ነበር። ያልሆነውን ቁልፍ ተጭኖ የታላቋን ዳንሰኛ የማርታ ግርሃምን ቃል እንዳጠፋ ራሱ ይናገር ነበር። ግን ቴፑ አልዞር ሲለው ተጠያቂው ጎንበስ ብሎ ይረዳዋል፤ ያን ጊዜ ከሬዲዮ የመጣው ትልቅ ሰው ትንሽ ይሆናል፣ ወሬውም ይጀመራል። አንድ ጊዜ በድሆች መኖሪያ ሠፈር ያነጋገራት እናት ልጆቿ ድምፅሽን እንስማ ስላሏት ተርክል ክሩን መልሶ አሰማት። ሴትየዋ የገዛ ቃሏን ሰምታ አፏን በእጇ ያዘች፤ እንዲህ እንደሚሰማት እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ለወጣቱ ወዳጄ ከመሣሪያው ጋር ትንሽም ቢሆን የራሱ ድምፅ ማጉያ ያለውን ፈልግ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። በጆሮ ማዳመጫ አንተ ብቻ ከሰማህ የተናጋሪዋ ድርሻ ምኑ ላይ ነው?

ወደ አገራችን ልመለስ። ሬዲዮ በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ1935 ነው። በ1963 ደግሞ በአዲስ አበባ ሬዲዮ ብሥራተ ወንጌል ተከፈተ፤ በ1977 እስኪወረስ ድረስም ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። በዚያው በ1963፣ በበርሊን፣ ፊሊፕስ ካሴትን ይፋ አደረገ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያገናኘኋቸው ዓመታቸው ስለገጠመ ብቻ አይደለም፤ ብሥራተ ወንጌልን በሬዲዮ ያዳመጠው ቤተሰብ ከዓመታት በኋላ ራሱ ቀጂ የሆነው በካሴት ነውና። ከዚያ በፊት ድምፅ የመንግሥት፣ የሚሲዮን፣ የኩባንያ ንብረት ነበር። ካሴት ሲመጣ ግን ባሕር ማዶ የሄደ ልጅ ለእናቱ በካሴት ደብዳቤ ላከ፤ እናትም በካሴት መለሱ። እነዚያን የካሴት ደብዳቤዎች የሰማ ሰው ያውቃቸዋል። ግማሹ ሰላምታ ነው፣ ከዚያ የጎረቤት ስም ዝርዝር፣ ከዚያ ዶሮ ይጮኻል፣ ከዚያ «እንግዲህ ምን ልበልህ» ይመጣል፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ የአፍንጫ ድምፅ፣ ቀጭ የሚል የማቆሚያ ቁልፍ። ማንም አቀናባሪ ምላጭ አላሳረፈባቸውም። በእኔ ግምት በቋንቋችን ከተቀዱት እውነተኛ ድምፆች ብዙዎቹ በየሰው ቤት ቁምሳጥን ላይ በጫማ ካርቶን ውስጥ የቀሩት እነዚህ ናቸው።

ባለሙያዎቹም ካሴትን አልናቁትም። ሶኒ በ1978 ያወጣው ቲሲ-ዲ5 እና በ1982 የተከተለው ባለሙያ ዎክማን በዘጋቢዎች ቦርሳ ውስጥ ለዓመታት ኖረዋል። ስቬትላና አሌክሲየቪች በ2015 የኖቤል ሽልማት ያስገኙላትን መጻሕፍት ያጠናቀረችው ቴፕ ይዛ ከቤት ቤት እየዞረች ነው። ካሴት በእርግጥ «ሽሽሽ» ይላል፤ ክሩ ይጠመጠማል፤ በእርሳስ እየጠመዘዝን ያስተካከልነው ሁላችን ነን። ነገር ግን አንድ ብልሃት ነበረው፤ የኋላ ጥርሱን በሹል ነገር ከሰበርክለት ማንም አይቀዳበትም። ዛሬ ያን የመሰለ፣ ያልተማረ ሰው የሚረዳው መከላከያ የለንም።

አሁን ወደ ዲጂታሉ ደረስኩ፤ የራሴም ኀፍረት የሚጀምረው እዚህ ነው።

ሚኒዲስክ በ1992 በሶኒ ሲወጣ የሬዲዮ ሰው ሁሉ ተደሰተበት። ትንሽ ነው፣ ሽሽታ የለውም፣ የፈለግኸውን ቦታ ወዲያው ታገኛለህ። ቦታ እንዲበቃው የሰው ጆሮ አይለየውም ያለውን የድምፅ ክፍል እየጣለ ይቀዳል፤ ያን ያህል ግን ለንግግር አይጎዳም። አንድ ጠባይ ነበረው፦ የተቀዳው ድምፅ የት የት እንደ ተቀመጠ የሚናገረውን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው ከቆመ በኋላ ነው። ማውጫው ሳይጻፍ ኃይሉ ከተቋረጠ ድምፁ ዲስኩ ላይ እያለ መሣሪያው «ባዶ ነው» ይላል።

በ2001 አንድ አርበኛ አነጋገርኩ። ስማቸውን አልጽፍም። ከሃምሳ ደቂቃ በላይ አወሩኝ። መጨረሻ ላይ ስለ ወንድማቸው ጠየቅኋቸው፤ አብረው ዘምተው አብረው አልተመለሱም። መልስ አልሰጡኝም። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት እያዩ ቆዩ። ከዚያ «እሱማ ወንድሜ ነው» አሉና ተነሡ። እኔም ልሸኛቸው ስቸኩል፣ መሣሪያው ገና እየጻፈ ሳለ፣ ባትሪውን ነቀልኩ። ማታ ስከፍተው ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። እርሳቸው በዚያው ክረምት አረፉ። የነገሩኝን ከሞላ ጎደል በትዝታዬ ጽፌዋለሁ፤ ቃሉ አለ። ዝምታቸው ግን ምን ያህል እንደ ነበር አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ አሥር ሴኮንድ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ጊዜ አንድ ደቂቃ። «ወንድሜ ነው» ሲሉም «ነበር» አለማለታቸውን በጆሮዬ ደግሜ ማረጋገጥ አልችልም። ሚኒዲስክ ራሱም አርጅቶ ሄዷል፤ መቅጃዎቹ መመረት ካቆሙ ቆይተዋል፣ ባዶ ዲስኮቹንም ሶኒ በ2025 መሥራት አቁሟል።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሚንቀሳቀስ ነገር የሌላቸው፣ በትንሽ ካርድ ላይ የሚቀዱ መሣሪያዎች መጡ፤ በ2006 የወጡት ኤዲሮል አር-09 እና ዙም ኤች4 መንገዱን ከከፈቱት ናቸው። ሒሳቡ ይህን ይመስላል። አንድን ድምፅ ሳይጨመቅ፣ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ እየለኩ፣ በ24 ቢት ቢቀዱት በሰዓት 520 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ባለ 32 ጊጋ ባይት ካርድ ከ60 ሰዓት በላይ ይይዛል። ከሁለት ደቂቃ ሰም ተነሥተን እዚህ ደረስን፤ በመጨረሻ ዝምታ በነፃ ተገኘ ማለት ነው። ወዳጄም «እንግዲያው የትኛውም ይሆናላ» አለኝ።

አይሆንም። ዝምታው በነፃ ሲገኝ መሣሪያዎቹ ራሳቸው ይጥሉት ጀመር። ለቢሮ ማስታወሻ የተሠሩት ትንንሽ መቅጃዎች ድምፅ ሲሰሙ ብቻ የሚነቁበት ስልት አላቸው፤ ተናጋሪው ዝም ሲል ያቆማሉ፣ ሲጀምርም የመጀመሪያዋን ፊደል በልተው ይቀጥላሉ። ይህን የሚያደርገውን ቁልፍ አግኝቶ መዝጋት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሁለተኛው ስውር ጠላት የድምፅ መጠንን በራሱ የሚያስተካክለው ስልት ነው። ሰው ሲናገር ዝቅ ያደርጋል፣ ሰው ዝም ሲል ጸጥታውን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ያጎላዋል። ከዚህ የተነሣ አዛውንቷ ዝም ባሉ ቁጥር የግድግዳው ሰዓት፣ የፍሪጁ ጉርምርምታ፣ የመንገዱ መኪና እንደ ማዕበል ይነሣል። ዝምታው ይሞላል፤ ጩኸት ይሆናል። ስለዚህ መጠኑን በእጅ ማስተካከል የሚያስችለውን መግዛት ነው፤ ቢቻል ቁልፉ በመስኮቱ ዝርዝር ውስጥ የተደበቀ ሳይሆን በጣት የሚዞር ይሁን። ስልክም ቢሆን ክፉ አይደለም፤ ብዙ ዘጋቢ ዛሬ የሚሠራው በእሱ ነው። ግን ከጥሪ እንዲያርፍ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ይደረግ፣ ጩኸት ማጥፊያ የሚሉት ስልትም ካለው ይዘጋ፤ ጩኸትን ሲያጠፋ የቃሉን ጫፍና ትንፋሹንም አብሮ ይልጣልና።

ገዢዎች ብዙ የሚጨነቁበት ቁጥር፣ 16 ነው 24 ነው የሚለው፣ ለንግግር ያን ያህል አያስጨንቅም። 24 ጥሩ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በመቅዳት ድንገተኛ ሳቅ እንዳይሰነጠቅ ያስችላል። ከ2019 ጀምሮ በትንንሽ መሣሪያዎች ላይ የገባው 32 ቢት ፍሎት ደግሞ መጠን ማስተካከልን ራሱን ያስቀራል ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ሩቅ የተቀመጠ ማይክሮፎንን አያቀርብም፣ ነፋስንም አያባርርም። ዋናው ነገር ማይክሮፎኑ የሚያመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው የመሣሪያው ውስጠኛ ክፍል ነው። ለሬዲዮ ቃለ መጠይቅ የሚስማማው ማይክሮፎን ዳይናሚክ የሚባለው፣ ከየአቅጣጫው እኩል የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ባትሪ አይፈልግም፣ በእጅ ሲያዝ ብዙ አይንኮሻኮሽም፣ ነፋስ ይችላል። ግን የሚያወጣው ድምፅ ትንሽ በመሆኑ ብዙ ማጉላት ያስፈልገዋል፤ ርካሽ መሣሪያ ሲያጎላ የራሱን ሽሽታ ይጨምርበታል። ሽሽታው ሰው ሲናገር አይሰማም። የሚሰማው ዝም ሲል ነው። ወዳጄን ሱቅ ሄደህ ማይክሮፎኑን ሰክተህ፣ መጠኑን ከፍ አድርገህ፣ ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ቅዳና በጆሮ ማዳመጫ ስማው አልኩት። ሌላው ሁሉ ማስታወቂያ ነው።

ርቀቱን በተመለከተ መለኪያው እጃችን ላይ ነው፤ ከአፍ አንድ ስንዝር፣ ትንሽ ወደ ጎን። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ ግፊት በግማሽ ይቀንሳል፣ የክፍሉ ጩኸት ግን እዚያው ነው። ስንዝር ሰውን ከሰው የሚያቀርብ ርቀት በመሆኑ መጀመሪያ ያሳፍራል። አዛውንት ፊት እጅን ዘርግቶ መቆየትም ክንድ ያዝላል። ከአጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ክንድን ጉልበት ላይ ማሳረፍ ይሻላል።

ወዳጄ በመጨረሻ የገዛው ባለ ሦስት እግር የማይክሮፎን ቀዳዳ ሁለት ያለው፣ ከሌላ ሰው ያለፈ፣ ጠርዙ የተላጠ መሣሪያ ነው። በተረፈው ገንዘብ ደህና ማይክሮፎንና የሚሞሉ ባትሪዎች አገኘ። መስከረም ላይ መንዝ ሄደ። እማማን ለሁለት ቀን አነጋገራቸው፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ያህል ቀዳ። የቀዳውን ለራሳቸው አሰምቷቸው «ይህች አሮጊት ማናት?» ብለው አስቀውታል። ጣቢያው የሰጠው ጊዜ ስምንት ደቂቃ ነበር። ስለ አባታቸው ሲጠየቁ የቆዩባት፣ ከኋላ ሙቀጫ የሚሰማባት አሥራ አራት ሴኮንድ ልትቆረጥ ስትል ተከራክሮ ስድስቱን አተረፈ። ሙሉው ቅጂ ሳይጨመቅ በሁለት ዲስክ ተገልብጦ አንዱ እሱ ዘንድ፣ አንዱ እኔ መደርደሪያ ላይ፣ ከባዶዋ ሚኒዲስክ አጠገብ ተቀምጧል። ሦስተኛውን በፍላሽ አድርጎ ለልጅ ልጃቸው ሰጥቷል፤ እንዳይጠፋ ከእማማ የጸሎት መጽሐፍ ማኅደር ውስጥ እንደ ከተተችው ነገረችው።